ከመርፌው በኋላ ያለው ሰዓት

ክረምት ሲገባ፣ ብርዱ ሰውን በአንድ ጎጆ ሲያጨናንቅና የታጠበ ልብስ አልደርቅ ሲል፣ የልብስ ቅማል ይራባል። የሚያገረሽ ትኩሳትም ተከትሎት ይመጣል። በሽታውን የሚያስተላልፈው የቅማሉ ንክሻ አይደለም። ቅማሉ በሁለት አውራ ጣት ጥፍር መሃል ሲፈርጥ ወይም ሲያክኩት ሲጨፈለቅ፣ በፈሳሹ ውስጥ ያለው ቦሬሊያ ሬከረንቲስ የተባለ ጠምዛዛ ባክቴሪያ በተጫረ ቆዳ በኩል ይገባል። ካልታከሙት ከመቶ ታማሚ ከ10 እስከ 40 የሚደርሰውን ሊገድል ይችላል።

መድኃኒቱ ርካሽ ነው፤ ፔኒሲሊን ወይም ቴትራሳይክሊን ይበቃል። አስጨናቂው ሰዓት የሚጀምረው ግን መርፌው ከተወጋ በኋላ ነው። አንድ ሁለት ሰዓት ቆይቶ ታማሚው መንቀጥቀጥ ይጀምራል። ጋቢ ቢደራረብለት አይሞቀውም፤ አልጋው ሳይቀር አብሮት ይንገጫገጫል። ሙቀቱ ከ40 ዲግሪ ያልፋል። ከዚያ ላብ ያጠምቀዋል፣ የደም ግፊቱ ይወርዳል፤ በዚህ መሃል ሕይወቱ የሚያልፍም አለ። የቆዳ ሐኪሞቹ ያሪሽ በ1895፣ ሄርክስሃይመር ደግሞ በ1902 ይህንኑ ክስተት መድኃኒት በወሰዱ የቂጥኝ ታማሚዎች ላይ አይተውት ስለነበር ዛሬም በስማቸው ይጠራል (ዓመታቱ ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው)።

የሚያድን መድኃኒት እንዴት እንዲህ ያስጨንቃል? የመልሱ ትልቅ ክፍል የተገኘው ከኢትዮጵያውያን ታማሚዎች ደም ነው። በ1992 የወጣ ጥናት እንዳሳየው፣ ከፔኒሲሊኑ በኋላ ቲኤንኤፍ፣ ኢንተርሉኪን-6 እና ኢንተርሉኪን-8 በደማቸው ውስጥ ሽቅብ ይወጣሉ። እነዚህ ሳይቶካይኖች የገላ ሕዋሳት እርስ በርስ የሚላላኳቸው የብግነት መልእክተኞች ናቸው። ታማሚውን እንዲያ የሚያንቀጠቅጠው እንግዲህ የገዛ ገላው ጥሪ ነው።

ተመራማሪው ዳንኤል ፈቃደና ባልደረቦቹ አንድ እርምጃ ቀጠሉ። በ1996 ባሳተሙት የአዲስ አበባ ሙከራ፣ ቲኤንኤፍን የሚይዝ፣ ከበግ የተገኘ ፀረ እንግዳ አካል ከፔኒሲሊኑ አስቀድመው ሰጡ። ይህን ካገኙት 20 ታማሚዎች መካከል 10ሩ ብቻ ተንቀጠቀጡ፤ ካላገኙት 29 ግን 26ቱ።

በዚያው ዓመት፣ ይህ ሙከራ በወጣበት መጽሔት፣ ስለዚያው ሞለኪውል ፍጹም ተቃራኒ ወሬ ወጣ። የደም መመረዝ ድንጋጤ ላይ ለወደቁ 141 ታማሚዎች ቲኤንኤፍን የሚያግድ መድኃኒት ተሞክሮ ነበር። መድኃኒቱን ካላገኙት ከመቶ 30 ሲሞቱ፣ ከፍተኛውን መጠን ከወሰዱት 53 ሞቱ። ሁለቱ ጽሑፎች ጎን ለጎን ሊነበቡ ይገባቸዋል። የደም መመረዝ ታማሚ ብዙውን ጊዜ ሆስፒታል የሚደርሰው የሳይቶካይኑ ጎርፍ ካለፈ በኋላ ነው። በሚያገረሽ ትኩሳት ግን ጎርፉን የሚለቀው የሐኪሙ መርፌ ስለሆነ ሰዓቱ አስቀድሞ ይታወቃል። ስለ ሳይቶካይን በሚጻፈው ውስጥ ሞለኪውሉን እንደ ወንጀለኛ ለይቶ መክሰስ የተለመደ ነው። የአዲስ አበባው ሙከራ ግን ቀድሞ መጠየቅ ያለበት ሰዓቱ መሆኑን ያሳያል።

ከሰዓቱ ሌላ ቦታውም አለ። በ1992 ለንደን ውስጥ ማርክ ፌልድማንና ራቪንደር ማይኒ ቲኤንኤፍን አግደው የቁርጥማት ሕመምተኞች ያበጠ መገጣጠሚያ ጋብ እንዲል አደረጉ። ከዚያ የመጡት መድኃኒቶች ብዙዎችን ከአልጋ አስነስተዋል። ነገር ግን ቲኤንኤፍ ሳንባ ውስጥ ተኝቶ የሚኖረውን የቲቢ ባክቴሪያ አጥሮ ይይዛል። በ2001 በወጣ ዘገባ፣ ከእነዚህ መድኃኒቶች አንዱ የሆነውን ኢንፍሊክሲማብን ከወሰዱት መካከል 70ዎቹ ቲቢ ይዟቸው ተገኝቷል። ቲቢ በበዛበት እንደ ኢትዮጵያ ባለ አገር ይህ ከባድ ማስጠንቀቂያ ነው።

በ2015 የሚያገረሸው ትኩሳት ከአፍሪካ ቀንድ ተነስተው ጀርመን፣ ኔዘርላንድስና ጣሊያን በደረሱ ስደተኞች ላይ ተገኘ። የበጉ ፀረ እንግዳ አካል ከሙከራ አልፎ መደበኛ ሕክምና አልሆነም፤ ሕክምናው ዛሬም ያው የድሮው አንቲባዮቲክ ነው። ከመርፌው በኋላ ነርሷ ጉልኮሱን ሰቅላ፣ የደም ግፊቱን እየለካች፣ መንቀጥቀጡ እስኪያልፍ ከአልጋው አጠገብ ትጠብቃለች።