ሕዋስ ፋብሪካ ነውን? የመግቢያ ባዮሎጂ ከኤፔክስ መጋዘኖች ሲታይ

«ነገርን ከሥሩ፣ ውኃን ከጥሩ» ይላሉ አበው። የሕይወት ሳይንስ ሥሩ ሕዋስ ነው። በአሜሪካ ነርስም ሆነ ሐኪም ለመሆን የተነሣ ወገናችን በቅድሚያ የሚያንኳኳው በር የመግቢያ ባዮሎጂ ኮርስ ነው፤ የኮርሱ የጀርባ አጥንት ደግሞ ስለ ሴል የሚሰጠው ትምህርት ነው። ከዚህ በር ላይ የሚመለስ ሲያጋጥመን «እንግሊዝኛው ከበደው» ወይም «ሥራና ትምህርት አልሆነለትም» ብለን እናልፈዋለን። ሁለቱም እውነትነት አላቸው። ነገር ግን እምብዛም የማንነካው ሦስተኛ ችግር አለ፤ እሱም ሕዋስ የሚገለጽበት ምሳሌ ነው።

ነገሩ አየር ላይ እንዳይንሳፈፍ ላስቬጋስን እንውሰድ። ከከተማዋ መሐል በስተሰሜን ምሥራቅ 20 ማይል ያህል ርቆ፣ በኢንተርስቴት 15 ዳር፣ ኤፔክስ ኢንዱስትሪያል ፓርክ የሚባል በረሃ ላይ የተዘረጋ የመጋዘንና የፋብሪካ ቀጠና አለ። ሌሊቱን በእንዲህ ያለ መጋዘን ጥቅል ስካን ሲያደርግና ሲለይ ያደረ ወገናችን፣ ጠዋት በደቡብ ኔቫዳ ኮሌጅ ወደ አናቶሚ የሚያሻግረውን «ባዮሎጂ 189» ሊማር ቢቀመጥ፣ መጽሐፉን ሲገልጥ የሚያገኘው ምንድን ነው? ያንኑ መጋዘን!

አዎን፤ በሰፊው የሚታወቀው ካምቤል ባዮሎጂ ጎልጂ የተባለውን የሕዋስ ክፍል ዕቃ ከሚቀበል፣ ከሚለይና ከሚልክ መጋዘን ጋር ያመሳስለዋል። ሚቶኮንድሪያ ደግሞ ፊሊፕ ሲከቪትዝ እ.ኤ.አ. በ1957 በሳይንቲፊክ አሜሪካን መጽሔት ላይ ከጻፈው ጽሑፍ ወዲህ «የሕዋስ ኃይል ማመንጫ» እየተባለ በየክፍሉ ይደገማል። ኒውክሊየስ የሁሉ አለቃ ነው ይባላል። ሕዋስ በአጭሩ ፋብሪካ ሆኗል።

ምሳሌው ባለውለታ የሚሆንበት ቦታ መኖሩን መካድ አይገባም። ጉንተር ብሎበል እ.ኤ.አ. በ1999 የኖቤል ሽልማት ያገኘው፣ ፕሮቲን የሚሄድበትን አድራሻ በራሱ ሰንሰለት ላይ ይዞ እንደሚወለድ በማሳየቱ ነው። ከሕዋስ ውጭ የሚላክ ፕሮቲን ገና ሲሠራ ጫፉ ላይ ያለች አጭር ምልክት ትነበባለች፤ ከዚያ ወደ ኢንዶፕላዝሚክ ሬቲኩለም ይገባል፤ በጎልጂ በኩል አልፎ፣ በትንንሽ ከረጢት ተጭኖ ይወጣል። ይህን ለመረዳት ሌሊቱን ሙሉ ባርኮድ ሲያነብ ካደረ ሠራተኛ የተሻለ ማን አለ?

ታዲያ ችግሩ የት ላይ ነው? ምሳሌው የሚሰበርበት ቦታ ሳይነገር ሲቀር ነው።

አንደኛ፣ አለቃው። የሰው ቀይ የደም ሕዋስ ሲጎለምስ ኒውክሊየሱን አውጥቶ ይጥላል፤ ያለ «አለቃ» ግን 120 ቀን ያህል ኦክስጅን ሲያመላልስ ይኖራል። አለቃው ከሄደ በኋላ አራት ወር የሚሠራ የትኛው ፋብሪካ ነው? ኒውክሊየስ የሚጠቀሙበት መዝገብ እንጂ ትእዛዝ የሚያወርድ ሹም አይደለም።

ሁለተኛ፣ ግንባታው። ፋራዴይ ፊውቸር የተባለ የኤሌክትሪክ መኪና ኩባንያ እ.ኤ.አ. በ2015 በኤፔክስ አንድ ቢሊዮን ዶላር የሚፈጅ ፋብሪካ እንደሚሠራ አስታወቀ፤ በ2016 መሬት ማስተካከል ጀመረ፤ በ2017 ዕቅዱን ትቶ ሄደ። ፋብሪካ ከባዶ መሬት ይጀመራል፤ ግማሽ ላይም ይቆማል። ሕዋስ ግን ሩዶልፍ ፊርኾ እ.ኤ.አ. በ1855 እንዳስተማረው ከሕዋስ ብቻ ይወለዳል። ሚቶኮንድሪያም ከሚቶኮንድሪያ ነው የሚመጣው፤ የራሱ ዲኤንኤ አለው፤ ጥንት ራሱን ችሎ ይኖር የነበረ ባክቴሪያ እንደነበረ ሊን ማርጉሊስ በ1967 ተከራክራ በኋላ ተቀባይነት አግኝታለች። ይህ የዘር ሐረግ እንጂ የኮንትራክተር ሥራ አይደለም።

ሦስተኛ፣ ኃይል ማመንጫው። ተማሪው ስሙን ሸምድዶ ያልፋል፤ እንዴት እንደሚያመነጭ ግን አይጠየቅም። ፒተር ሚቸል በ1961 ያቀረበውና በ1978 ኖቤል ያስገኘለት ሐሳብ ነገሩን ግልጽ ያደርገዋል፦ ከምግብ የተገኘው ጉልበት ፕሮቶኖችን በስስ ሽፋን ወዲያ ማዶ ያከማቻል፤ እነሱ ሲመለሱ የምትሽከረከር ጥቃቅን ተርባይን ኤቲፒ ትሠራለች። ይህ ግድብ ነው! የላስቬጋሱ ተማሪ ሁቨር ግድብ አጠገቡ ነው፤ ዓባይም በልቡ አለ። «ኃይል ማመንጫ» ከማለት ይልቅ «ግድብ» ቢባል ግማሹ ትምህርት በአንድ ቃል ያልቅ ነበር።

አሁን ወደ ራሳችን ቃል እንመለስ። ሮበርት ሁክ እ.ኤ.አ. በ1665 ቡሽ በማይክሮስኮፕ አይቶ «ሴል» ሲል፣ ትንንሽ ባዶ ክፍሎችን፣ የማር እንጀራ የመሰሉ ቀዳዳዎችን ማለቱ ነበር። ያየውም የሞተ ግድግዳ ነው። እኛ የመረጥነው ቃል ግን «ሕዋስ» ነው፤ አምስቱ ሕዋሳት የምንልበት፣ ስሜትን የሚያመለክት የግእዝ ቃል። ሕዋስ ይሰማል፤ በሽፋኑ ላይ ባሉ ተቀባዮች ኢንሱሊንን ይለያል፤ የጎረቤቱን መልእክት ሰምቶ መከፋፈሉን ያቆማል። ጎረቤቱን መስማት ያቆመው ካንሰር ይሆናል። ቃላችን «ሴል» ያልያዘውን እውነት ይዟል።

የሚያሳዝነው ግን «ሕዋስ» ሲባል የብዙዎቻችን ትውስታ ሌላ መሆኑ ነው፤ በአብዮቱ ዘመን ድርጅቶች፣ በኋላም ኢሕአዴግ፣ ከላይ መመሪያ የሚጠብቀውን ትንሹን የአባላት ስብስብ ሕዋስ ብለውታል። የሚሰማ ሳይሆን የሚታዘዝ ሕዋስ! የአለቃው ምሳሌ እኛ ዘንድ ሥር የሰደደው በመጽሐፍ ብቻ አይደለም ማለት ነው።

አገር ቤትም ጉዳዩ ያው ነው። እ.ኤ.አ. ከ1994ቱ የትምህርት ፖሊሲ ወዲህ ልጆቻችን በታችኛው ክፍል በአፍ መፍቻ ቋንቋቸው ጀምረው ቢዘገይ ከ9ኛ ክፍል ወደ እንግሊዝኛ ይሻገራሉ፤ በ2019 የመጀመሪያ ዓመት የጋራ ትምህርት ወደ ዩኒቨርሲቲዎች ሲመለስም ጠቅላላ ባዮሎጂ በእንግሊዝኛ ሞጁል ነው የመጣው። ባሕር ዳር ያለው ተማሪና ኤፔክስ ሌሊቱን የሚያነጋው ወገናችን አንድ ዕጣ አላቸው፤ ስሙን ያውቃሉ፣ ነገሩን ማንም አልነገራቸውም።

ኮሌጆቹ ቋንቋ ይለውጡ አላልኩም፤ ፈተናው በእንግሊዝኛ ነው። የምለው፣ በዚህ አገር ባዮሎጂ የምታስተምሩ፣ የምትመራመሩና በሽተኛ የምታክሙ ምሁራን በሳምንት ሁለት ሰዓት በየቤተ ክርስቲያኑ፣ በየመስጊዱና በየማኅበሩ አዳራሽ ቁጭ ብላችሁ በአማርኛ አስረዱ ነው። ከሚያውቀው መጋዘን ጀምሩ፤ ምሳሌው የሚሰበርበት ላይ ስትደርሱ ግን ቁሙና «ይህ ፋብሪካ አይደለም፣ ሕዋስ ነው» በሉት። ቀኑን የሚያስተዳድረው ሹም፣ ሌሊቱን የሚያዝዘው ስካነር ነውና፣ ቢያንስ አካሉ ውስጥ አለቃ እንደሌለ ይወቅ።