ከመጨረሻው ነጥብ ወዲያ

ባለፈው ሴሚስተር ወደ ትምህርት ክፍላችን የመጣ ወጣት ረዳት መምህር፣ «ጋሼ፣ ተማሪዎቹን በእርሳስና በማስመሪያ ለምን ያደክሟቸዋል? ኤክሴል መስመሩን ከነቀመሩ ወዲያው ይሰጣቸው የለም?» አለኝ። ማስረጃም ይዞ ነበር የመጣው። የአንድ ቡድን ሪፖርት ገልጦ አር ስኩዌሩን አሳየኝ፤ 0.9996 ይላል። «ከዚህ በላይ ምን ይፈልጋሉ?»

እኔማ ዓይኔ ያረፈው ቀጥሎ ባለው ቁጥር ላይ ነው። ቡድኑ በስሪንጅ ውስጥ የታሸገ አየር ይዘቱ ከሙቀት ጋር እንዴት እንደሚጨምር ለክቶ፣ መስመሩን ይዘቱ ዜሮ እስኪሆን ድረስ ወደ ታች አራዝሞታል። ፍጹም ዜሮን ያገኘው ከዜሮ በታች 300 ዲግሪ ገደማ ላይ ነው። የታወቀው 273.15 ነው። ስሪንጁ አላፈሰሰም፣ ነጥቦቹም ከመስመሩ ንቅንቅ አላሉም። ታዲያ ይህ ሁሉ ዲግሪ ከየት መጣ?

ነጥቦቹ ሦስት ናቸው፦ በረዶ የገባበት ውሃ፣ የክፍሉ ሙቀትና የፈላ ውሃ። ለፈላው ውሃ ልጆቹ ቴርሞሜትሩን ሳያዩ 100 ብለው ጽፈዋል። ያ 100 ግን የባሕር ጠረፍ ውሃ ነው። አዲስ አበባ ከባሕር ጠለል በላይ ከ2,300 ሜትር በላይ ከፍ ስለምትል ውሃችን የሚፈላው 92 ዲግሪ አካባቢ ነው። አር ስኩዌር ይህን አይነግርም። ነጥቦቹ ከመስመሩ ጋር ምን ያህል እንደተስማሙ ይናገራል፤ ከመጨረሻው ነጥብ ወዲያ ስላለው ግን ዝም ነው። እንዲያውም አምስት ነጥብ ስጡትና ባለ አራተኛ ደረጃ ፖሊኖሚያል እዘዙት፤ አምስቱንም ረግጦ ያልፋል፣ አር ስኩዌሩም ድፍን 1 ይሆናል። ያንን ወደ ታች አራዝሙትና የት እንደሚደርስ እዩት።

እርሳስና ማስመሪያ ላይ ሙጭጭ ያልኩት ለዚህ ነው። ግራፍ ወረቀት ላይ ተማሪው አግድሙን ዘንግ ራሱ መመደብ አለበት። ከ100 ጀምሮ ከዜሮ በታች 300 ድረስ ሲመድብ፣ የለካው ነገር ሁሉ ቀኝ ጥግ ላይ ተጨናንቆ ሦስት አራተኛው ወረቀት ባዶ ይቀራል። ያንን ባዶ ቦታ በእጁ ሲያቋርጥ ድፍረቱ ምን ያህል እንደሆነ ይገባዋል። በለካው ክልል መስመሩ ድፍን ነው፤ ከዚያ ወዲያ የተቆራረጠ። ማስመሪያውን ትንሽ ያዘንብለውና ይየው፦ በረዶው ላይ 50 ሚሊ ሊትር የነበረ አየር፣ ፈላው ላይ በ1 ሚሊ ሊትር ብቻ ተሳስቶ ቢነበብ፣ መልሱ 15 ዲግሪ ያህል ይሸሻል። ስሪንጁ ውስጡ ሳይደርቅ የታሸገ እንደሆነ ደግሞ፣ እንፋሎቱ የላይኛውን ነጥብ ብቻ ሽቅብ ይገፋና መስመሩ ያለ ቦታው ዜሮን ይመታል። ይህን ለሚያይ ተማሪ ስሪንጁን ለምን እንደሚያደርቅ እኔ መንገር አይጠበቅብኝም።

ከሁሉ የምወደው ጥያቄ ግን «መስመሩ ለምን ይቀጥላል?» የሚለው ነው። አየሩ ከዜሮ በታች 200 ሳይደርስ ፈሳሽ ይሆናል፤ ስለዚህ የተቆራረጠው መስመር የሚያልፈው እኛ የለካነው ጋዝ በሌለበት አገር ነው። ጌይ-ሉሳክ በ1802 እ.ኤ.አ. ያሳየው ቁም ነገር፣ የተለያዩ ጋዞች ለአንድ ዓይነት የሙቀት ጭማሪ እኩል መለጠጣቸውን ነው። መስመሮቻቸው ወደ አንድ ቦታ ካመሩ፣ ያ ቦታ የአንዱ ጋዝ ጠባይ ብቻ ሊሆን አይችልም። የእሱ አኃዝ ለእያንዳንዱ ዲግሪ በዜሮ ዲግሪ ከነበረው ይዘት 1/267 ገደማ ነበር፤ ኋላ ሬኞ በተሻለ ልኬት ወደ 1/273 አረመው። ቁጥሩ ታረመ፣ ምክንያቱ ግን ቆመ። ውሃን እንዲሁ ከ80 እስከ 20 ዲግሪ ለክታችሁ ወደ ታች ብታራዝሙት ግን ጉድ ይሠራችኋል፤ 4 ዲግሪ ላይ ዞሮ መልሶ መስፋት ይጀምራል። ስለዚህ ሪፖርት ሳርም ከቁጥሩ ይልቅ «መስመሬን ምን ያፈርሰዋል?» ለሚለው አንቀጽ የበለጠ ማርክ እሰጣለሁ። 273 ላይ ለመድረስ ነጥብ የሰረዘ ተማሪ ከእኔ ዘንድ 300 ካገኘው ያነሰ ነው የሚያገኘው።

ዓመታት ሲያልፉ ይህ ጠባይ ከላብራቶሪ አልፎ ወደ ሰው ሄደብኝ። ውጤት ስንነጋገር «ይሄ ልጅ አይሆንለትም» የሚል አይጠፋም። ስንት ፈተና ወስዷል? ሁለት ኩዊዝ። በሁለት ነጥብ መካከል ምንጊዜም ቀጥ ያለ መስመር አለ፤ አር ስኩዌሩም ምንጊዜም 1 ነው። ሃያ ሊትር ጀሪካን እንጂ ቢከር አይቶ የማያውቅ ልጅ በመጀመሪያው ወር ያመጣው ውጤት የሚናገረው ስለ መጀመሪያው ወር ነው። ከዚያ ወዲያ አውቃለሁ የሚል ምክንያቱን ያምጣ። ባልደረቦቼ ለዚህ ግትር ይሉኛል፤ ይበሉኝ። ምክንያት የሌለው ግን እርሳሱን ያስቀምጥ።