አንድ መቶኛ ሰከንድ እና 127 ደረጃ

እስቲ ሁለት ተጫዋቾችን አስቡ። አንዱ 251 ፓውንድ ይመዝናል፣ 114 ኪሎ መሆኑ ነው፤ 40 ያርድ ወይም 36.6 ሜትር ገደማ በ4.51 ሰከንድ ይሮጣል። ሌላው 247 ፓውንድ፣ ማለትም 112 ኪሎ ነው፤ ያንኑ ርቀት በ4.52 ሰከንድ ይጨርሳል። የትኛውን ትመርጣላችሁ? «ያው አይደሉም እንዴ?» ካላችሁ አልተሳሳታችሁም። ግን እ.ኤ.አ. በ2017 በአሜሪካ ፉትቦል ሊግ፣ በኤንኤፍኤል፣ የመጀመሪያው ኦ.ጄ. ሃዋርድ 19ኛ ሆኖ ተመረጠ፤ ሁለተኛው ጆርጅ ኪትል 146ኛ። በሁለተኛው የውድድር ዘመኑ ኪትል 1,377 ያርድ ሰብስቦ በቦታው የተያዘውን ክብረ ወሰን ሰበረ። ሃዋርድ በአንድም የውድድር ዘመን 600 ያርድ አልሞላም።

ለማታውቁት፦ ድራፍት ማለት 32ቱ ክለቦች ከዩኒቨርሲቲ የሚመጡ ተጫዋቾችን በሰባት ዙር ተራ በተራ የሚመርጡበት ሥርዓት ነው። የሁለቱ ቦታ ደግሞ «ታይት ኤንድ» ይባላል፤ ሁለት ሥራ ያለበት ቦታ ነው። አንዴ ከመስመሩ ጫፍ ቆሞ ተከላካይን በጉልበት ይገፋል፣ አንዴ ደግሞ ሮጦ ኳስ ይቀልባል። ከድራፍቱ በፊት እጩዎቹ ኢንዲያናፖሊስ ላይ «ኮምባይን» በሚባለው ፈተና በቁምጣ ይሮጣሉ፣ ይዘላሉ፣ ክብደት ያነሳሉ፤ መልማዮችም ቁጥሩን ይለቅማሉ።

ቁጥሩ ላይ ነው እኔ ቅሬታ ያለኝ። የ40 ያርዱን ሰዓት ሯጩ ሲንቀሳቀስ አይቶ የሚያስነሳው የሰው ጣት ነው፤ መጨረሻ ላይ የሚያቆመው ግን ሌዘር ነው። እኔ ላብራቶሪ ውስጥ መነሻውን በእጅ፣ ማብቂያውን በሴንሰር ለክቼ ብመጣ አማካሪዬ ወረቀቱን ሳይገልጥ ነበር የሚመልስልኝ። የአንድ ልኬት ትክክለኛነት ከደካማው ጫፉ አይበልጥማ!

ነገሩን የሚያብሰው ደግሞ በዚህ ሰዓት ላይ የሚገነባው ቀመር ነው። «ስፒድ ስኮር» ይሉታል። ቢል ባርንዌል የተባለ የስፖርት ጸሐፊ ኳስ ታቅፈው ለሚሮጡ ተጫዋቾች ያወጣው ነበር፣ በኋላ ታይት ኤንዶችንም ይመዝኑበት ጀመር። ክብደቱን በፓውንድ ወስዶ በ200 ያባዛል፣ ከዚያ አራት ጊዜ እርስ በርሱ ለተባዛ ሰዓት ያካፍላል። ከባድ ሰው ሲፈጥን የበለጠ ይደነቅ ነው ሐሳቡ፤ እሱ ጥሩ። ግን ለምን አራት? ሞመንተም ከሆነ ፍጥነት አንዴ ነው የሚገባው፣ ካይኔቲክ ኢነርጂ ከሆነ ሁለቴ። አራት ስታደርጉት ስህተቱም አራት እጥፍ ይሆናል፤ ሰዓቱ 1 በመቶ ቢዛነፍ ውጤቱ 4 በመቶ ይዛነፋል። አስሉት፦ ሃዋርድ 121፣ ኪትል 118 ያገኛሉ። አሁን ጣቱ በ0.05 ሰከንድ ብቻ ተሳሳተ እንበል። ኪትል ከ113 እስከ 124 የትም ሊያርፍ ይችላል። የሦስት ነጥብ ልዩነት እዚያ ውስጥ ሰምጦ ይቀራል።

ቢሆንም ሰዓቱን ብቻ አንወንጅለው። እንዲያውም እሱ ሁለቱ እኩል ናቸው ብሎ ነበር! ኪትል በዚያው ፈተና ከቆመበት ወደፊት 3.35 ሜትር ዘሏል፣ 112 ኪሎ ተሸክሞ። ታዲያ 127 ደረጃ ከየት መጣ? በእኔ ግምት ትልቁ ምክንያት ሌላ ቁጥር ነው። ሃዋርድ በአላባማ ዩኒቨርሲቲ 114 ኳስ ቀልቧል፣ ኪትል በአይዋ 48 ብቻ። 48 ግን ለስንት ተካፍሎ? ለመቀበል ስንቴ ሮጠ፣ ስንቴስ ተወረወረለት? አይዋ ኳሱን በሩጫ መግፋት የሚወድ፣ ታይት ኤንዱን ተከላካይ የሚያስገፋ ቡድን ነበር። ውሃ ያልተለቀቀለትን ተርባይን «ስንት ሜጋ ዋት አመነጨህ?» ብላችሁ ትወቅሱታላችሁ? የ48ቱ ግማሽ መልእክት ስለ አሰልጣኙ እቅድ ነው፤ እኛ ግን ሙሉውን በልጁ ስም መዝግበነዋል።

እዚህ ላይ እኔም ልጠንቀቅ። ሁለት ሰው ናሙና አይባልም። ሃዋርድን በ2018 ቁርጭምጭሚቱ፣ በ2020 ደግሞ የተረከዙ ጅማት ከሜዳ አስወጥተውታል፤ ይህን የትኛውም መልማይ ቀድሞ ሊያይ አይችልም። ፈጣን ሆነው አምስተኛ ዙር ላይ ተመርጠው የጠፉትንም ማንም አይተርክላቸውም። ግን ስህተቱ የአንድ ቀን አይደለም። በ2018 ባልቲሞር ሄይደን ኸርስትን 25ኛ ላይ መረጠ፣ ማርክ አንድሩስን ደግሞ በዚያው ድራፍት 86ኛ ላይ። ያው ክለብ፣ ያው መልማዮች። የቡድኑ ዋና ታይት ኤንድ የሆነው አንድሩስ ነው፤ ኸርስት ከሁለት ዓመት በኋላ ወደ ሌላ ክለብ ተሸኘ።

እኔን ይበልጥ የሚያሳስበኝ ግን ጭራሽ ያልተለካው ነገር ነው። ዛሬ የኤንኤፍኤል ተጫዋቾች የትከሻ መከላከያ ውስጥ ያሉ ትንንሽ ቺፖች ሰውየው የት እንዳለ በሰከንድ 10 ጊዜ ይመዘግባሉ። የት እንደሮጠ ታውቃላችሁ። ተከላካዩን በምን ያህል ኃይል፣ በየት አቅጣጫ፣ ለስንት ሰከንድ እንደያዘው ግን ቺፑ አይነግራችሁም። ኮምባይን ላይ ያለው 102 ኪሎ ብረት በጀርባ ተኝቶ መግፋት ነው፤ ብረቱ ግን አይታገልም፣ ወደ ጎንም አያመልጥም። የቦታው ግማሽ ሥራ እስካሁን የሚለካው ቪዲዮ እያቆመ በሚያይ ሰው ዓይን ነው። ኪትል ሲጫወት ካገኛችሁ ኳሱን ተዉትና ለአንድ ሩብ ሰዓት እግሮቹን ብቻ ተከተሉ፤ ከዚያ ምን ዓይነት ሴንሰር የት ቦታ ላይ እንደምትገጥሙ ጻፉልኝ።