ከወደብ ዳር የበቀለ ጎመን

ከስኪዳም ከተማ በስተምሥራቅ፣ በሮተርዳም አሮጌ የወደብ መሬት ላይ፣ «ቩድሰልታውን» (የምግብ ጓሮ) የተባለ የአትክልት ቦታ አለ። እ.ኤ.አ. በ2010ዎቹ መጀመሪያ የተጀመረው ይህ ጓሮ ምርቱን ለችግረኞች ምግብ ለሚያከፋፍለው የከተማዋ የምግብ ባንክ ይሰጣል። በኔዘርላንድስ የመጀመሪያው የምግብ ባንክ የተመሠረተውም እ.ኤ.አ. በ2002 በዚያችው ሮተርዳም ነው። የምግብ ባንኩ የእርዳታ ካርቶን ብዙውን ጊዜ ከመደብር በተረፈና በታሸገ ምግብ ስለሚሞላ፣ ከመደብ የተቀነጠሰ ትኩስ ጎመን ትልቅ በረከት ነው። ይበልጥ የሚያስደንቁት ደግሞ በፈቃዳቸው የሚኮተኩቱትና የሚያጠጡት ናቸው፤ ከእነርሱ ብዙዎቹ ከሥራ ዓለም ለረጅም ጊዜ የራቁ ሰዎች ናቸው። ጎዳና ላይ ለሚያድር ሰው ግን ጥሬ አትክልት ብቻውን አይበቃም፤ ምድጃ የለውምና። ትኩስ ሾርባ የሚያገኘው እንደ ሮተርዳሙ ፓውሉስከርክ ቤተ ክርስቲያን በራቸውን ለቤት አልባዎች በከፈቱ ቦታዎች ነው።