እናቲቱ የሌለችበት ስም

«ስምን መልአክ ያወጣዋል» ይላል የአገራችን ሰው። አባባሉ ያማረ ነው፤ ነገር ግን ብዙ ወላጅ ራሱ ሊያስብበት የሚገባውን ነገር በመልአክ እያሳበበ ሲያልፈው እናያለን። ልጅቱ አድጋ «ስሜን ለምን እንዲህ አላችሁት?» ብላ የምትጠይቀው ግን መልአኩን አይደለም፤ አባትና እናቷን ነው።

ጉዳዩ በተለይ ሁለት ወገን በተጋባበት ቤት ይከብዳል። ዱርቤቴ ከባሕር ዳር ወደ እንጅባራ በሚወስደው መንገድ ላይ ያለች የገበያ ከተማ ናት። ወደ ባሕር ዳር በኩል ሜጫ አለ፤ ሜጫ የኦሮሞ ጎሣ ስም ሲሆን፣ ዛሬ አገሬው አማርኛ እየተናገረ ስሙ በምድሪቱ ላይ ቀርቷል። ወደ ዳንግላ በኩል ደግሞ የአዊ አገው አለ። ስለዚህ አማርኛ ተናጋሪው ጎልማሳ የአገው ልጅ ቢያገባ፣ የወለዷትም ሕፃን በሁለት ቋንቋ የሚመርቋት ሁለት አያቶች ቢኖሯት አዲስ ነገር አይደለም። አዲስ የሆነው የስም አወጣጡ ነው።

አሁን አሁን ሦስት ልማድ ይታያል። አንደኛው ከአባት ስም ግማሽ፣ ከእናት ስም ግማሽ ቆርጦ መስፋት ነው። አበበና ሰናይት ልጃቸውን «አብሰና» ቢሏት ሁለቱም በስሙ ውስጥ ያሉ ይመስላቸዋል፤ ነገር ግን ቃሉ ሲቆረጥ የአንዱ ማበብ፣ የሌላይቱም በጎነት አብሮ ፈሷል። ሁለተኛው ማንም እንዳይቀየም ተብሎ ከቴሌቪዥን የተሰማ የባሕር ማዶ ስም ማውጣት ነው። ይህ እርቅ ይመስላል፤ ዳሩ ግን ሁለት ሰዎች በርስት ተጣልተው ርስቱን ለሦስተኛ ሰው ቢሰጡት ታረቁ አይባልም። ሦስተኛው የአባትን ወገን ስም አውጥቶ ዝም ማለት ነው። ከሁሉ የሚከፋው ይህ ነው፤ ማንም እንደ በደል አይቆጥረውምና።

ነገሩን በትምህርት ቤት የስም መዝገብ ላይ እንመልከተው። የልጅቱ ስም፣ የአባት ስም፣ የአያት ስም ተብሎ ይጻፋል፤ አያት የተባለውም የአባት አባት ነው። በመምህርነት ዘመኔ በየማለዳው ስም ስጠራ፣ ለእናት የተተወ ስፍራ በመዝገቡ ላይ አላየሁም። በ1952 ዓ.ም. የወጣው የፍትሐ ብሔር ሕግ እንኳ የልጁን ስም መምረጥ ለአባት ከሰጠ በኋላ፣ እናት ሁለተኛ ስም ልታወጣ እንደምትችል ጽፎ ነበር። ሕጉ በጥቂቱም ቢሆን ያሰባትን እናት ልማዳችን ረሳት። እንግዲህ ከሦስቱ ስም ሁለቱ ያለ ክርክር የአባት ከሆኑ፣ የቀረውን አንዱን ከእናት ወገን ቋንቋ ማውጣት ልግስና አይደለም፤ ሚዛን ነው።

«ስም አንብቦ ዘር የሚቆጥር ሰው በበዛበት ዘመን፣ ልጅቱን ለምን መከራ እናሸክማታለን?» የሚል አይጠፋም። ይህ የሚናቅ ፍርሃት አይደለም፤ የሚፈሩትም ልጃቸውን ስለሚወዱ ነው። ነገር ግን የራሷ ስም አገውኛ፣ የአባቷ ስም አማርኛ የሆነች ልጅ ዘር ቆጣሪውን ራሱን ግራ ታጋባዋለች፤ በየትኛው ረድፍ ይጽፋታል? ደግሞም አገውኛ ዛሬ በአዊ ትምህርት ቤቶች የሚጻፍና የሚነበብ ቋንቋ ነው፤ የሚታፈርበት አይደለም። የእናቷ ወገን ከስሟ የተደበቀባት ልጅ ግን ማንም ሳይነግራት አንድ ነገር ትማራለች፤ ይኸውም የእናቷ ወገን የሚደበቅ መሆኑን ነው።

ከዚህም በላይ የቀደመው ልማዳችን በአንድ ስም ብቻ አያስጨንቅም። እቴጌ ጣይቱ ብጡል በክርስትና ስማቸው ወለተ ሚካኤል ነበሩ። ጣይቱ ማለት ፀሐይቱ ማለት ነው፤ በኦሮምኛም ቢፍቱ የሚባለው የሴት ስም የምትወጣዋን ፀሐይ ያመለክታል። ቃሉ ሁለት፣ አሳቡ አንድ ነው። ስምን ቆራርጦ ከመስፋት ይልቅ እንዲህ ያለውን በሁለቱም ቤት የሚወደድ አሳብ መፈለግ ይሻላል። ሴት ልጅ ክርስትና የምትነሣው በ80 ቀኗ ስለ ሆነ፣ ለሚያስብ ወላጅ ጊዜ አያንሰውም።

ስለዚህ፣ ወጣቶች ሆይ፣ ነገ አባትና እናት ስትሆኑ ስም ከማውጣታችሁ በፊት ወደ ሁለቱ አያቶች ሂዱ። አገውኛ የምታውቀውን አያት መልካም ቃል ጠይቋት፤ ትርጕሙንም ጻፉት። ቀጥሎ ሌላይቱ አያት ቃሉን ስትጠራው አንደበቷ ይሰናከል እንደ ሆነ አድምጡ። ሁለቱ አያቶች የሚጠሩት፣ አባትና እናት ደግሞ ሳያፍሩ የሚተረጕሙት ስም ከተገኘ ሥራችሁን ፈጽማችኋል። ስም ከመቃብር በላይ ይውላልና፣ እናቲቱም ከልጇ ስም ጋር አብራ ትዋል።