«ለምጽ» በሚለው ቃል ላይ የቀረበ ሒስ

የሕክምና ቃላትን በምናዘጋጅበት ጊዜ አብዛኛውን ድካማችንን የምናውለው ለባዕዱ ቃል አቻ በመፈለግ ላይ ነው። ቀድሞ በእጃችን ያለው ቃል በበሽተኛው ላይ የሚያደርሰውን ጉዳት ግን እምብዛም አንመረምርም። «ለምጽ» ለዚህ ጉድለታችን ዋነኛ ምሳሌ ነው።

ዛሬ በተለምዶ ለምጽ የሚባለው፣ ሐኪሞችም ቪቲሊጎ የሚሉት፣ ሥር የሰደደ የቆዳ ሕመም ነው። የሰውነት መከላከያ ሕዋሳት ለቆዳ ቀለም የሚሰጡትን ሕዋሳት እንደ ባዕድ ቈጥረው ስለሚያጠፏቸው ቆዳው ይነጣል። ሕመሙ ከሰው ወደ ሰው አይተላለፍም፤ የነጣውም ቦታ የመዳሰስ ስሜቱን አያጣም። የሥጋ ደዌ በአንጻሩ ነርቭን የሚጎዳ ተላላፊ በሽታ ሲሆን፣ ሀንሰን የተባለ ኖርዌያዊ ሐኪም ተሐዋሲውን ያገኘው እ.ኤ.አ. በ1873 ነበር። ሁለቱን በሽታዎች ያዛመዳቸው የቃሉ ታሪክ ነው።

ኦሪት ዘሌዋውያን በምዕራፍ 13 ለምጽ የወጣበት ሰው ከሰፈር ውጭ እንዲቀመጥ ያዝዛል። ያው ምዕራፍ ለምጽ በልብስ ላይ፣ ተከታዩም በቤት ግድግዳ ላይ እንደሚወጣ ይናገራል። (ቀሚስ በሥጋ ደዌ ሲታመም ያየ ሐኪም መቼም አይገኝም።) እንግዲህ የጥንቱ ቃል ከዛሬዎቹ በሽታዎች ከአንዱም ጋር በትክክል አይገጥምም። መገለሉ ግን ከቃሉ ጋር ተጣብቆ ቀርቷል፤ «ለምጻም» መባልን በጸጋ የሚቀበል ሰው የለም።

የዚህም ውጤት በሁለት ወገን ይታያል። ፊቷ ላይ ንጣት የወጣባት ሴት ስሙን በመፍራት ሻሿን ወደ ግንባሯ አውርዳ ቤት ልትውል ትችላለች፤ እንዲህ ከሆነ ሕክምናው ይዘገያል። የሥጋ ደዌ መጀመሪያ ደግሞ የነጣና ሲነካ የማይሰማ ምልክት ሊሆን ስለሚችል፣ «ለምጽ ነው» ተብሎ ሲታለፍ ነርቭ ይጎዳል፤ ከ6 እስከ 12 ወር በሚወሰድ መድኃኒት ሊድን የሚችል ሰው አካሉን ያጣል።

ስያሜ መለወጥ አይቻልም የሚሉትን አንቀበልም። እኛው ራሳችን «ቁምጥና»ን በ«ሥጋ ደዌ» ተክተናል። በውጭም እ.ኤ.አ. በ2015 የጉበት ሐኪሞች መከላከያ ሕዋሳት የሐሞት ቱቦን የሚያጠቁበትን አንድ ሕመም ስም ሲለውጡ «ሲሮሲስ» የሚለውን ቃል አስወጥተዋል፤ ብዙዎቹ በሽተኞች ሲሮሲስ ሳይኖራቸው ስሙ ጠጪ ያስመስላቸው ነበርና።

«ራስን የሚያጠቃ በሽታ» የሚለውንም ትርጉም ሳንነቅፍ አናልፍም፤ በሽተኛው በራሱ ላይ እጁን ያነሣ ያስመስለዋል። በእኛ አስተያየት «የመከላከያ ስሕተት ሕመም» ይሻላል።

ስለሆነም በመዝገበ ቃላት «ለምጽ» በሁለት ፍች ተለይቶ እንዲገባ እናሳስባለን፤ አንደኛው መጽሐፋዊ ተብሎ፣ ሁለተኛው «የቆዳ ንጣት፣ ቪቲሊጎ፤ የማይተላለፍ» ተብሎ። የሥጋ ደዌ በሁለቱም ሥር አይግባ። «ለምጻም» የነውር ቃል ምልክት ይደረግበት።