የአባወራው መንበር
ስለ «ኦል ኢን ዘ ፋሚሊ» ድራማ ሂሳዊ ዳሰሳ

በዋሽንግተን ከተማ በብሔራዊው የአሜሪካ ታሪክ ቤተ መዘክር ከተጠበቁት ቅርሶች መካከል፣ ንጉሥ ያልነገሠበት፣ ሊቅ ያላስተማረበት፣ በመቀመጥ ብዛት ያረጀ አንድ ወንበር አለ። የ«ኦል ኢን ዘ ፋሚሊ» የቴሌቪዥን ድራማ አዘጋጆች ከአሮጌ ዕቃ መሸጫ በጥቂት ዶላር የገዙትን ይህን ወንበር፣ ከጎኑ ከሚቆመው ከአባወራው ሚስት ወንበር ጋራ፣ እ.ኤ.አ. በ1978 ቤተ መዘክሩን ለሚያስተዳድረው ለስሚዝሶኒያን ተቋም አስረከቡት፤ ድራማው ግን ገና አላበቃም ነበርና፣ ለቀረው ጊዜ አምሳያውን ሲያሠሩ ቅጂው በሺህ የሚቆጠር ዶላር ፈጀ። ከከተማው ውጭ ካለችው ከበርክ በባቡር ወደ ከተማ በወረድሁ ጊዜ ከዚህ ወንበር ፊት ብዙ የቆምሁት፣ ያባቴ ወንበር ትዝ ብሎኝ ነው። በኛ ቤት አባቴ ደጅ ውሎ እንኳ ከልጆቹ ማንም በዚያ ላይ አይቀመጥም፤ የሚለቀቀው ለእንግዳ ብቻ፣ ያውም በእርሱ ፈቃድ ነበር። የድራማው አባወራ የአርቺ በንከርም ወንበር ሕጉ እንደዚሁ ነው።

አዘጋጁ ኖርማን ሊር ይህን ድራማ የቀዳው ከሁለት ምንጭ ነው፤ አንደኛው ጆኒ ስፔት ለእንግሊዙ ቢ.ቢ.ሲ. የደረሰው «ቲል ዴዝ አስ ዱ ፓርት» ሲሆን፣ ሁለተኛው የገዛ አባቱ ነበር፤ አርቺ ሚስቱን ዝም ለማሰኘት የሚወረውራት ቃል ሊር በልጅነቱ ከአባቱ አፍ የሰማት ናትና። ኤ.ቢ.ሲ. የተባለው ጣቢያ ሁለት የሙከራ ክፍሎችን አይቶ ድራማውን መለሰው፤ በመጨረሻ ሲ.ቢ.ኤስ. ተቀብሎ ጃንዋሪ 12 ቀን 1971 አቀረበው፤ ነገር ግን ፈርቶ ነበርና፣ ትርኢቱ በሰው ልጅ ድካምና ጥላቻ ላይ የሣቅ ብርሃን እንደሚያበራ የሚገልጽ ማስጠንቀቂያ አስቀደመ። በኒው ዮርክ ኩዊንስ የሚኖረው የመጋዘን አለቃ አርቺ፣ የዋህ ባለቤቱ ኢዲት፣ ልጃቸው ግሎሪያና በአማቱ ቤት እየኖረ፣ የአማቱን እንጀራ እየበላ የሚከራከረው ተማሪው ማይክል፣ ከዚያ ቀደም በአሜሪካ የቤተ ሰብ ሲትኮም እምብዛም ያልተነሣውን ሁሉ፣ የቬትናምን ጦርነት፣ የዘርን ጥላቻ፣ የሴቶችን ማረጥ ሳይቀር፣ በሳሎናቸው አፍረጠረጡት። ድራማው አምስት ዓመት በተከታታይ በተመልካች ብዛት አንደኛ ሆነ።

ክርክሩ ወዲያው ተነሣ። ደራሲዋ ላውራ ሆብሰን በዚያው በ1971 በኒው ዮርክ ታይምስ ጋዜጣ ባወጣችው ጽሑፍ፣ ጥላቻን የሚወደድና የሚያስቅ አድርጎ ማቅረብ መርዙን በማር መለወስ መሆኑን፣ ይልቁንም አርቺ ከስድቦች ሁሉ የከፉትን እየተወ የለዘቡትን መምረጡ ሐሰት መሆኑን በብርቱ ተከራከረች። ሊር በበኩሉ ሣቅ ክፋትን አጋልጦ ያሳያል ባይ ነበር። እ.ኤ.አ. በ1974 ቪድማርና ሮኪች የተባሉ ሁለት ተመራማሪዎች የአሜሪካንና የካናዳን ተመልካቾች ጠይቀው ያገኙት ውጤት ለሊር የሚያጽናና አልነበረም፤ ጥላቻ ያደረበት ተመልካች አርቺን እንደ ቃል አቀባዩ ቈጥሮ ሲያደንቀው፣ ሌላው በዚያው ትርኢት የአርቺን ሞኝነት ሲያይ ተገኝቷልና።

ይህ ነገር በአንድምታ ትርጓሜ ላደገ ሰው እንግዳ አይደለም፤ ሊቃውንቱ አንዱን ንባብ ይዘው «አንድም» እያሉ ፍቺውን ይደረድራሉ፤ ነገር ግን መምህር አለና ደቀ መዝሙሩ በምን ሥርዓት እንደሚፈታ ያውቃል። ቴሌቪዥን መምህር የለውም። ስለዚህ ሆብሰን ስለ መርዙ የተናገረችው እውነት ነው ብዬ አምናለሁ፤ የሣቅን ኃይል ተማምኖ ማንንም ያለ መሪ መተው ድፍረት ነው። የሳተችው ግን፣ የአርቺን ድምፅ አጥርታ ሰምታ የኢዲትን ሳትሰማ መቅረቷ ይመስለኛል። ክርክሩ ሁሉ በወንዶቹ መካከል ሲጮኽ፣ ሳትማር ያወቀችው፣ ሳትቈጣ የምትፈርደው፣ ዝም በይ ስትባል ነገሩን ከሌላ በኩል የምትጀምረው ኢዲት ናት፤ ጂን ስቴፕልተን ይህችን ሴት የተጫወተችበት ጥበብ ካልታየ ድራማው ስድብ ብቻ ሆኖ ይቀራል።

ለኛ ለኢትዮጵያውያንም ቢሆን ተውኔት ከውዝግብ ጋራ ነው የተወለደው። ተክለ ሐዋርያት ተክለ ማርያም የእንስሳትን ተረት ተገን አድርገው የደረሱት «ፋቡላ» የሹማምንቱን ጉድ ቢገልጥ በንግሥት ዘውዲቱ ዘመን ታገደ፤ እንስሳ የተናገረው ሰው ላይ ደርሶ ነበርና። በዘመናችን በሀገር ቤት የታየው የጥላሁን ጉግሳ «ቤቶች» የቤተ ሰብን ጉዳይ በሣቅ ሲያቀርብ፣ አባትና ልጅ በፖለቲካ ፊት ለፊት የሚተያዩበትን ሳሎን ግን ገና አላየሁም። ይህ ሳሎን ግን እኛ በምንኖርባቸው በዋሽንግተን ዙሪያ ባሉት በበርክ፣ በአሌክሳንድሪያና በሲልቨር ስፕሪንግ በየቤታችን አለ፤ አባት የሀገሩን ዜና ከፍቶ ሲቈጣ፣ ከኮሌጅ የመጣው ልጅ በእንግሊዝኛ ሲመልስለት፣ እናት ጀበናውን ይዛ «ተዉ እንግዲህ፣ ቡናው ይቀዝቅዝ?» ስትል። የበንከር ቤት የሳበን የማሸነፍ ነገር ስላለበት አይደለም፤ በዚያ ቤት ማንም ተረትቶ አይወጣም፣ ማንም በክርክሩ ምክንያት ከማዕዱ አይቀርም።

ከቤተ መዘክሩ በተመለስሁ ማታ ልጄ በወንበሬ ተቀምጦ አገኘሁት። ሊነሣ ሲል ትከሻውን ይዤ አስቀመጥሁትና ከእናቱ ጎን ሄጄ ተቀመጥሁ፤ ሁለተኛው ቡና ተቀድቶ ነበር፤ ባለፈው እሑድ ያቆምነውን ክርክር ከዚያው ጀመርን።